የአሮጌው መጭመቂያ አረንጓዴ ከረጢት

መምህር ቶንግ በሕይወት ሳሉ የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ ቤተ ሙከራቸው የሚገባ ሰው አልነበረም። በሞቱ ማግስት ጠዋት ግን ግማሹ ኮሌጅ ከነጭቃው ገብቶ ከበባቸው። እሳቸው ከውኃ ገንዳው ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል። ጫማቸው በሩ አጠገብ ተሰድሯል፤ በእግራቸው ያለው ነጭ ካልሲ ብቻ ነው። ራሳቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ ዙሪያቸው ያለው ወለል ውኃ ተኝቶበታል። ገንዳው ውስጥ ተማሪዎች የሠሯቸው የኮንክሪት ሲሊንደሮች፣ እያንዳንዳቸው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ የሚያህሉ፣ ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ ተነክረው እስኪጠነክሩ ይጠባበቃሉ። በበኩላቸው የተለወጠ ነገር አላዩም።

ከበሩ በላይ የትናንቱ የሥራ ዕድል ቀን ጨርቅ ገና አልወረደም። «ከሲቪል ምህንድስና ቴክኖሎጂ ክፍል የተመረቀ ሥራ አይፈታም!» ይላል። ኢንስፔክተር ሊያኦ ቹንሜይ ጨርቁን አነበበች፤ ከዚያ ከገንዳው ሥር የተኛውን ሰው አየች።

የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ጂያንግ ክራባታቸውን አስተካክለው ወደ እሷ መጡ።

«እንኳን ደህና መጡ። አለቃዎት ከኋላ እየመጡ ነው?»

«አለቃዬም እኔው ነኝ።»

«አሃ። መልካም፣ መልካም።» መልካም እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል። «አሳዛኝ አደጋ ነው። ወለሉ እርጥብ ነበር፤ አንሸራተታቸው፤ የገንዳው ጠርዝ መታቸው። መወልወል የነበረባት ተረኛዋ ተማሪ ናት። አልወለወለችም። ሪፖርቱን እኔው ጽፌዋለሁ፤ ሥራ እንዲቀልልዎት ብዬ።»

«ፈጣን ነዎት፣ ፕሮፌሰር።»

«ምህንድስና ማለት ቅልጥፍና አይደል? ዛሬ እኩለ ቀን የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይቀመጣል። ልጅቷ ትባረራለች፤ ጉዳዩ ይዘጋል።»

ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማለች። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት፤ መወልወያውን ከእጇ አልጣለችም። ቁጭ በይ ያላትም የለም።

ሊያኦ አባቷ ገፍተዋት እንዲህ ባለ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ሲቪል ምህንድስና ቴክኖሎጂ ተምራለች። የአፈር ሙከራ፣ ቅየሳ፣ የኮንክሪት ቅልቅል ሁሉ ደስ ይላት ነበር። ትታው የወጣችው ትምህርቱን ጠልታ ሳይሆን፣ እንደ ጂያንግ ያሉ ሰዎች ከፊቷ ቆመው ሲናገሩ አራት ዓመት ሙሉ መስማት አልሆንልሽ ብሏት ነው። ፖሊስ ቤትም ያው ዓይነት ሰው እንዳለ ያወቀችው ዘግይታ ነበር፤ ግን ፖሊስ ቢያንስ ማሰር ይችላል።

ሁሉንም አስወጣችና ሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። ቁስሉን አየች። የቆዳው መቀደጃ እንደ አዲስ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ነው። የገንዳውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ የካልሲዎቹን ሶል አገላብጣ አየች። ነጭ ናቸው። አንዲት ግራጫ ነጥብ እንኳ የለባቸውም።

ተነስታ ክፍሉን ዞረች። መጭመቂያ ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። አዲሱ የመስታወት በርና ኮምፒውተር አለው፤ ማን እንደሠራበት፣ ምን ያህል እንደተጫነ ሁሉን ይመዘግባል። አሮጌው ግን ዝሆን የሚያህል ብረት ነው፤ በዘይት ግፊት ይሠራል፤ የሚታዘዘው በጎኑ ባለች አንዲት ቫልቭ ነው። በአናቱ ላይ፣ እንደ ማንኛውም የዚህ አገር ማሽን፣ አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት ተቀምጦለታል። ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን ነው። የሆስፒታሉም ኮምፒውተር፣ የባንኩም ገንዘብ መክፈያ ማሽን አለው። ከረጢቱ አረንጓዴ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ቢጫ ከሆነ ማሽኑ ያኮርፋል። አይከፈትም፤ ጊዜው ሳያልፍበት ይቀየራል፤ የበላው ሰው ደግሞ የሚመጣበትን እሱ ያውቃል። ሊያኦም ጣቢያዋ ባለው ፕሪንተር ላይ አንድ አላት፤ እንደማታምንበት ግን ለሁሉም ትናገራለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የሲሚንቶ ብናኝ ለብሷል። ከረጢቱ ግን ያብለጨልጫል።

የተሰበሩ ሲሊንደሮች የሚጣሉባት ካሪዮላ አሮጌው ማሽን ሥር ቆማለች። ሊያኦ ጓንቷን አድርጋ አተራመሰቻት። የተፈተኑት ሲሊንደሮች ወገባቸው ላይ ተሰንጥቀው በትልልቅ ጉማጅ ወጥተዋል፤ ፈታኝ የሆነ ሰው ስንጥቁ እንደታየ ማሽኑን ያቆማል። ከላይ ግን ተፈጭቶ ጠጠር የሆነ ኮንክሪት ተደፍቷል። በጠጠሩ መሀል ፈዛዛ ቢጫ ቅንጣት አገኘች። አሸተተችው። ብስኩት ነው።

ከመነሳቷ በፊት የአሮጌውን ማሽን ቫልቭ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ከፈተች። ዘይት ጠብ ማለት ጀመረ። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ልጅቷን አስጠራች።

«ስምሽ?»

«ዌን ሩዬ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ።»

«ወለሉን ወልውለሻል?»

«ወልውያለሁ! መምህር ቶንግ ሳይወለወል መቼ ያስወጡናል? ጫማቸውን አውልቀው በነጭ ካልሲያቸው ይሄዱበታል፤ ካልሲው ከቆሸሸ እንደገና ነው። ትናንት ተራምደው አዩት። ‹ሂጂ፣ የምሳ ሣጥን ሳያልቅብሽ› ብለው በሥራ ዕድል ቀኑ ምሳ ወደሚታደልበት አዳራሽ ሰደዱኝ።»

«የሚመሰክርልሽ ሰው አለ?»

ልጅቷ ወደ ገንዳው አየት አደረገችና አንገቷን ደፋች። «እሳቸው ነበሩ።»

ዘይቱ ጠብ ሲል ዓይኗ ያዘው። ከኪሷ ጨርቅ አውጥታ ከሥሩ አነጠፈች።

«ቫልቩን አጥብቂዋ።»

«አይነካም፣ ኢንስፔክተር። እሱን የሚነኩት መምህር ቶንግ ብቻ ናቸው። እኛ የተማርነው በአዲሱ ነው።»

«ብትባረሪ ምን ይቀርብሻል?»

«ምን የማይቀርብኝ አለ?» ሩዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አዲሱ የወንዝ ድልድይ ላይ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ልቀጠር ነው። እናቴ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች፤ ዓሣ ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ ነግራለች። አሁንማ ዓሣውን ትተው ስለ እኔ ነው የሚጠይቋት። መምህሯን ገደለች ተብዬ ከተባረርኩ ማን ያስጠጋኛል? አካፋ እንኳ አያስይዙኝም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ደግሞ መምህር ቶንግ ‹እኔ ሳልነግርሽ እዚያ ድልድይ ላይ ፊርማሽን እንዳታኖሪ› ብለውኝ ነበር። ድልድዩን የሚሠራው ኩባንያ ከድልድዩ ኮንክሪት የተቀዳ ነው ብሎ ለፍተሻ የሚልክልን ሲሊንደር አላማራቸውም።»

«ደካማ ነው?»

«ጎበዝ ነው። ከመጠን በላይ ጎበዝ። ‹ፈተናውን ቀድሞ ያየ ተማሪ ይመስላል› ይሉ ነበር።»

ቀጥሎ የገባው ወጣቱ መምህር ዱ ነው። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ተቀመጠ።

«ትናንት ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የት ነበርክ?»

«አዳራሽ። ስለ ክፍላችን የተሠራውን ፊልም የማሳየው እኔ ነኛ። ‹ቀያሽ ይሆናሉ፣ የሳይት ተቆጣጣሪ ይሆናሉ፣ ነዳፊ ይሆናሉ፣ የቁሳቁስ ፈታሽ ይሆናሉ።› ፊልሙ በየመሀሉ ስለሚቆም እንደ ሕፃን ሳዝለው ነው የዋልኩት። አንድ እርምጃ ብንቀሳቀስ ሕዝቡ ይጮኽብኝ ነበር።»

«ሌሎቹስ?»

«መብራት ጠፍቷል፣ ፊልሙ አሰልቺ ነው። የወጣ ቢወጣ አልፈርድበትም።» ስልኩን ኪሱ ከተተና ዘይቱን አየ። «ይሄ ነገር ያፈሳል እንዴ? ማጥፊያው የቱ ጋ ነው?» በማሽኑ ፊት ላይ በዓይኑ ቁልፍ ፈለገ። ቁልፍ የለውም።

«ከረጢቱን ታምንበታለህ?»

«እኔ?» ሳቀ። «ባለፈው ዓመት ርቦኝ አንዱን በላሁት። መምህር ቶንግ ወር ሙሉ ሰላም አላሉኝም። አክስት ሼን ደግሞ፣ ጸሐፊያችን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷን በፕላስተር ነው የምታስረው። ሌባ አደረጉኝ፣ በብስኩት!»

ሥራ አስኪያጅ ታንግ የመጣው ድልድዩን ከሚሠራው ኩባንያ ነው። ከዚሁ ክፍል ተመርቋል፤ ስለዚህም በየዓመቱ የሥራ ዕድል ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ እንደ ዋንጫ ይታያል። ጥርሱ ደብቆ ከሚያኝከው ቢንላንግ ከሚባል ፍሬ የተነሳ ቀልቷል፤ ጫማው ግን መስታወት ነው።

«ቤተ ሙከራውን ታውቀዋለህ?»

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? እዚህ ውስጥ ከእንቅልፍ በቀር የሠራሁት ነገር የለም። ሪፖርቴን ጓደኛዬ ይጽፍልኝ ነበር። ይኸው ዛሬ እሱ ሳይት ላይ ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ እኔ ቢሮ ነኝ።» የዘይቱን ጠብታ አየና ጫማውን ሰበሰበ።

«ዘንድሮ ስንት ምሩቅ ትወስዳላችሁ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም? ሳትፈትኑ?»

«ከፕሮፌሰሩ ጋር ቃል ተሰጣጥተናል። እኔ ልጆቹን እወስዳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የሲሊንደሩን ውጤት በጊዜው ይሰጡኛል።»

«ጥሩ ውጤት?»

«መጥፎ ውጤት ማን ይወዳል፣ እትዬ?»

«መምህር ቶንግ ፈረሙልህ?»

ታንግ የጫማውን ጫፍ በሱሪው ወለወለ። «ሽማግሌው ግትር ነበሩ» አለ። «ነፍሳቸውን ይማር።»

ፕሮፌሰር ጂያንግ ሲገቡ ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ ሰባኪ ቆሞ ነው የሚናገረው።

«ይህ ክፍል ምን እንደሆነ ሊገባዎት ይገባል። ልጅ የሚወልድ በጠፋበት አገር፣ ኮሌጅ ሁሉ ተማሪ አጥቶ በሚዘጋበት ዘመን፣ እኛ ተማሪ አለን። ለምን? ወላጅ ሲጠይቅ መልስ አለና። የእኛ ምሩቅ ቀያሽ ይሆናል፤ ፎርማን ይሆናል፤ የግንባታ ወጪ ገማች ይሆናል፤ የመንግሥት ፈተና አልፎ መንገዶች መሥሪያ ቤት ይገባል። መቶ ከመቶ! አምና መቶ ከመቶ፣ ዘንድሮም መቶ ከመቶ።»

«ዘንድሮ ገና አልተመረቁም እኮ።»

«ጽፈነዋል፤ ታትሟል» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ የታተመ ነገር ሁሉ ሆኗል በሚል ድምፅ።

«ከመምህር ቶንግ ጋር ተጣልታችኋል?»

«እኔ ከእሳቸው ጋር? የሥራ ልዩነት ካልሆነ በቀር። እሳቸው የቤተ ሙከራ ሰው፣ እኔ የአመራር ሰው። ይህን ብረት ለምሳሌ» እጃቸውን ወደ አሮጌው ማሽን ዘረጉ፣ «አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም። ለዚያ የተቀጠረ ሰው አለ። እኔ ያጠናሁት በውጭ አገር ነው…»

ስለ ውጭ አገሩ ሲናገሩ ሁለት ጣታቸው ቫልቩን ይዞ አጠበቀው፤ ከዚያ የፀጉር ስፋት ያህል ወደ ኋላ መለሰው። ጠብታው ቆመ። ንግግራቸው ግን አልቆመም።

«አመሰግናለሁ፣ ፕሮፌሰር» አለች ሊያኦ። «ብዙ አስተማሩኝ።»

የክፍሉ ቢሮ በር ላይ ስትደርስ አክስት ሼን የፎቶ ኮፒ ማሽኑን በጫማዋ ስትመታው አገኘቻት። ወረቀት ተጨማድዶ አፉ ላይ ተቀርቅሯል።

«አንተ ሰይጣን! ትፋው እላለሁ!» ዞር ስትል ፖሊስ አየች። «ይቅርታ ልጄ፣ አንቺን አይደለም። ፕሮፌሰሩ የልጅቷን ክስ ለኮሚቴው አባዝተሽ አምጪ ብለውኝ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገጽ አልወጣልኝ። አምስት ዓመት እንደ በግ ሲታዘዘኝ የኖረ ማሽን!»

«ምን ነካው?»

«ከረጢቱን ወሰዱበታ! እጁ ይድረቅ የወሰደው። ትናንት ልወጣ ስል እዚህ ነበር፤ በሰማያዊ ፕላስተር አስሬው። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ባዶ።» በማሽኑ ክዳን ላይ የተቀደደ የሰማያዊ ፕላስተር ቁራጭ ቀርቷል።

«ትናንት ቢሮው ክፍት ነበር?»

«ቆልፌ ነው አዳራሽ የምሳ ሣጥን ላድል የሄድኩት። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ፕሮፌሰሩ ጋ።»

«ፕሮፌሰሩ ወስደውት ይሆናላ።»

አክስት ሼን ከት ብላ ሳቀች። «እሳቸው? የእኛን ከረጢት ሲያዩ አፍንጫቸውን ነው የሚነፉት። እሳቸው የሚያምኑት በሳይንስ ነው!»

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ሊያኦ ሁሉንም ወደ ቤተ ሙከራው ጠራች። ሬሳው ተነስቷል። ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ታንግ ጫማውን እያየ፣ ዱ ያለ ስልኩ ምን እንደሚያይ ጨንቆት ቆሙ። አክስት ሼን የተጨማደደ ወረቀት በጉያዋ ይዛለች። ሩዬ መወልወያዋን አሁንም አልለቀቀችም።

«ኮሚቴው እየጠበቀ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ይጠብቅ። ተቀምጦ መጠበቅ የለመደ ኮሚቴ ነው።» ሊያኦ በወንበሯ ላይ ተመቻቸች። «በእግር እንጀምር። መምህር ቶንግ የሞቱት በነጭ ካልሲ ነው። እዚህ ወለል ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ያለበት ውኃ ቢኖር ኖሮ ካልሲው ግራጫ ይሆን ነበር። የካልሲው ሶል ግን እንደ ሙሽራ ልብስ ነጭ ነው። ስለዚህ ሲራመዱ ወለሉ ደረቅና ንጹሕ ነበር። ልጅቷ ወልውላለች። ውኃውን ከሞቱ በኋላ ያፈሰሰው ሌላ ሰው ነው።»

መወልወያው ከሩዬ እጅ ወድቆ ወለሉን መታ። ማንም ዞር ብሎ አላያትም፣ ከአክስት ሼን በቀር።

«ቁስሉን ደግሞ እንይ። የገንዳው ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፤ ቁስሉ ጎባጣ። ክብ ጠርዝ ያለው፣ ከባድ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር። እዚህ ክፍል ውስጥ ከመቶ በላይ አለ።» በጣቷ ገንዳውን አመለከተች። «በሲሊንደር ነው የተመቱት። ገዳዩ ደም የነካውን ሲሊንደር ምን ያድርገው? ይዞት ቢወጣ ያዩታል፤ ገንዳ ውስጥ ቢጥለው ይገኛል። ግን አጠገቡ ኮንክሪት ለመስበር የተሠራ ማሽን ቆሟል። ጫነው፤ ጨመቀው፤ ከተሰበረም በኋላ እያገላበጠ ጠጠር እስኪሆን ፈጨው። ካሪዮላው ውስጥ ደፋው። ደም ያለበት ጠጠር አሁን በማስረጃ ከረጢት ታሽጎ እኔ ጋ ነው።»

«ጎበዝ» አለ ታንግ ሳያስበው።

«ጎበዝስ ነበር። ግን በየትኛው ማሽን? አዲሱ ሁሉን ይመዘግባል፤ ስለዚህ በአሮጌው። አሮጌውን ደግሞ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ለዚህ ነው ጠዋት ቫልቩን ከፍቼ እያንዳንዳችሁን አጠገቡ ያቆምኳችሁ።»

«እኔ ደግሞ የተበላሸ መስሎኝ!» አለ ዱ።

«አንተ ማጥፊያ ቁልፍ ፈለግክ። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን አዳነ። ሩዬ ጨርቅ አነጠፈች፣ ቫልቩን ግን አልነካችም። አንድ ሰው ብቻ በሁለት ጣቱ አጠበቀው፤ ከዚያ የፀጉር ስፋት ያህል መለሰው፤ አሮጌ ቫልቭ ጥርሱ እንዳይበላ እንደሚደረገው። ይህን ብረት አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም እያለ ነበር።»

ሁሉም ወደ ፕሮፌሰር ጂያንግ ዞረ። እሳቸው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ክራባታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«በቫልቭ! ወይዘሮ፣ ሰው በቫልቭ አይከሰስም።»

«ልክ ነዎት። በብስኩት ነው የሚከሰሱት።» ሊያኦ ተነስታ ከአሮጌው ማሽን አናት ላይ አረንጓዴውን ከረጢት በጓንቷ አነሳች። «ኮንክሪት ከልክ በላይ ሲጨመቅ ቁራጩ እንደ ጥይት ይበራል። የማሽኑን የድሮ ከረጢት መታው፤ ፈነዳ። ብስኩቱ ካሪዮላው ውስጥ ከጠጠሩ ጋር ተደባልቋል። ታዲያ ይህ አዲስ ከረጢት፣ አቧራ ያልነካው፣ ከየት መጣ?»

ገለበጠችው። ከጀርባው የሰማያዊ ፕላስተር ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

«የእኔ!» ጮኸች አክስት ሼን። «የኮፒ ማሽኔ ነው!»

«ፎቶ ኮፒው ላይ የቀረው ቁራጭና ይኸኛው እንደ ተቀደደ ደብዳቤ ይገጣጠማሉ። ቢሮው ተቆልፎ ነበር። አክስት ሼን አዳራሽ ውስጥ ለሦስት ረድፍ ሰው የምሳ ሣጥን ስታድል ሁሉም አይቷታል። የቀረው ቁልፍ የእርስዎ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«ለምን ብዬ?» ድምፃቸው ቀጠነ። «ለምን ብዬ ገድዬ ስለ ከረጢት እጨነቃለሁ?»

«እኔም ጠዋት ሙሉ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ግን ለምን ገደሉ የሚለውን እንጨርስ። ኩባንያው የሚልከው ሲሊንደር ከድልድዩ የተቀዳ አይደለም፤ ለብቻው የተቦካ፣ የተመረጠ ኮንክሪት ነው። መምህር ቶንግ አወቁበት። አልፈርምም አሉ። እሳቸው ካልፈረሙ ኩባንያው ልጆቹን አይወስድም፤ ልጆቹ ካልተወሰዱ መቶ ከመቶ የለም፤ መቶ ከመቶ ከሌለ ክፍሉ ይዘጋል፣ ኃላፊውም ኃላፊ አይደለም። ትናንት መምህር ቶንግ አዳራሹ መጥተው ለወላጆቹ ሊናገሩ ነበር?»

መልሱን የሰጠው፣ ሁሉንም ያስገረመው፣ ታንግ ነው። «ነግረውኝ ነበር» አለ በዝግታ። «ፊልሙ ሲያልቅ መድረክ ላይ እወጣለሁ ብለው። ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። እሳቸው ‹ተወው፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ› አሉኝ። ማነጋገር ነው ያሉት! ሌላ አላሉም፣ እትዬ፣ በእናቴ።»

«አንተን ከሰዓት ጣቢያ እናነጋግርሃለን። የእኔም ማነጋገር ነው።»

ጂያንግ ከረጢቱን አፍጥጠው ያዩታል። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ተናገሩ፤ ስለ ሟቹ አልነበረም።

«ያለ እሱ ሊቀር አይችልም» አሉ። «ያ ማሽን ያለ ከረጢት ካደረ ሰው ይጎዳል። ቀልድ አይደለም። ከመርከብ ሲወርድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ! የቶንግ ረዳት ሆኜ ሦስት ዓመት እጄ በዘይት ሲጠቁር የኖርኩ፣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ጠዋት ተማሪ አጠገቡ ይቆማል። ባዶውን ልተወው?»

«ስለ ተማሪዎቹ አሰቡ።»

«አዎ!» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ የተረዳቻቸው መስሏቸው።

«ከዚያ ቢሮዎ ገብተው አንዷን ተማሪ ከሰሱ።» ሊያኦ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ብዙ ግን አይደለም። «ያስተማረዎትን ሰው ከኋላ መቱ፤ ማሽኑን ግን ፈሩት። ለብረቱ የሰጡትን ክብር ሩቡን ለሰውየው ሰጥተው ቢሆን ኖሮ እሳቸውም በሕይወት፣ እርስዎም በወንበርዎ ነበሩ። ዕድሜዎን ሙሉ ረዳት እንደነበሩ ሲደብቁ ኖሩ። ከእርስዎ ሕይወት ውስጥ የማያሳፍረው እሱ ብቻ ነበር።»

ፕሮፌሰሩን ሲወስዷቸው ከጨርቁ ሥር አለፉ። የተመረቀ ሥራ አይፈታም የሚለውን ጨርቅ ቀና ብለው አዩት፤ የተንጋደደ ጫፉን ለማስተካከል እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ እጃቸው መታሰሩን አስታወሱ።

አክስት ሼን ከመሳቢያዋ አዲስ አረንጓዴ ከረጢት አውጥታ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ማሽኑ አንዴ አጉረመረመ፤ የተቀረቀረውን ወረቀት ተፋ፤ ከዚያም ከጠዋት ጀምሮ የታዘዘውን ሁሉ፣ የዌን ሩዬን ክስ ለመላው የኮሚቴ አባላት፣ ንጹሕ አድርጎ አትሞ ደረደረው።

«አይ አንተ!» አለች አክስት ሼን። «አሁን ነው ጨዋ የምትሆነው?»

ሊያኦ ክምሩን አንስታ ይዛው ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰች። ሩዬ ወለሉን እየወለወለች ነው። ወረቀቶቹን ተቀበለች፤ የመጀመሪያውን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ሁሉንም አጥፋ በአሮጌው ማሽን ሥር ዘይት በፈሰሰበት ቦታ አነጠፈቻቸው። ዘይቱ ስሟን ቀስ እያለ ጠጣው።

በሩ ላይ ታንግ ብቅ አለ። ጣቢያ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ማጣራት ፈልጓል።

«ልጄ፣ ያ የድልድዩ ውጤት… አሁን የሚፈርመው ማነው?»

ሩዬ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ማንም። ያንን ሲሊንደር መልሰው ይውሰዱት። ድልድዩ ላይ ወጥተን ከራሱ ላይ ቆርጠን እናመጣለን፤ የምንጨምቀው እሱን ነው።»

«አንቺ እኮ እኛ ዘንድ ልትቀጠሪ…»

«አልቀጠርም። ወለሉ ላይ እንደቆሙ ደግሞ ልንገርዎት፣» አለች፣ ዓይኗ ወደሚያብረቀርቀው ጫማው ወርዶ። «ጫማዎን ሳያራግፉ ነው የገቡት።»

ታንግ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ፣ ታድነው እንደሆነ። ሊያኦ ግን በሩ አጠገብ አንድ እግሯን አንስታ ጫማዋን እያራገፈች ነበር።